ቻርት በዌብ አፕ ውስጥ፦ ለአንድ የጎጃም ዩኒየን የእህል ግዢ ገጽ፣ ከዳታቤዝ እስከ ስልክ

ደብረ ማርቆስ ላይ ዋና ቢሮ ያለው አንድ የገበሬዎች ዩኒየን አለ እንበል። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቢቸናና በሞጣ ካሉ መሠረታዊ ማህበራት በቆሎ፣ ጤፍና ስንዴ ይሰበስባል። የግዢ መመዝገቢያ ዌብ አፕ አለው፤ የተጻፈው በቪው፣ በጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። ሠራተኛው ይገባል፣ ኩንታሉንና ዋጋውን ይሞላል፣ ይወጣል። አሁን ሥራ አስኪያጁ «ይህን የቁጥር መዓት ተውትና በስዕል አሳዩኝ» ብለዋል። ወር በወር ስንት ኩንታል ገዛን? ዋጋው መቼ ወጣ፣ መቼ ወረደ? የትኛው ማህበር ቀደመ?

ያንን ስዕል አፑ ውስጥ እናስገባለን። መስመሩን መሳል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጣጣው ያለው ከመሳሉ በፊት ነው፤ ዳታው በምን መልክ ይምጣ፣ ወሩስ የማን ወር ይሁን የሚለው ላይ። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ቪውና ጃቫስክሪፕት ትንሽ ትንሽ እንደምትችሉ ቆጥሬ ነው የምጽፈው። በሪአክት ወይም በአንጉላር ብትሠሩም አንዳንድ ስም ይቀየራል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ራሳችን እንሳል ወይስ የተሳለ እናስገባ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ ሜታቤዝ ያለ የትንታኔ መሣሪያ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ቻርቱን እዚያ ትሠሩታላችሁ፤ ከዚያ በአይፍሬም፣ ሌላ ገጽ በሚያስገባ መስኮት፣ አፑ ውስጥ ትከቱታላችሁ። እንዳይጠለፍ የአፑ ሰርቨር በሚስጥር ቁልፍ ቶከን፣ ማለትም እንደ ፈቃድ ወረቀት የሚያገለግል አጭር ጽሑፍ፣ ይፈርማል። ቶከኑ ላይ የትኛው ዳሽቦርድ፣ ለየትኛው ማህበር፣ እስከ መቼ የሚሠራ እንደሆነ ይጻፋል። ብራውዘሩ የሚያየው የተፈረመውን አድራሻ ብቻ ነው። ቁልፉ ከሰርቨር መውጣት የለበትም። ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ከጻፋችሁት ገጹን የከፈተ ሁሉ አገኘው ማለት ነው።

ይህ መንገድ ቻርቱ ብዙ ሲሆንና በየሳምንቱ ሲቀያየር ጥሩ ነው። ፕሮግራመር ሳይጠራ የሂሳብ ክፍሉ ራሱ አዲስ ቻርት ይሠራል። ግን የምትጠብቁት ሌላ ሰርቨር ይጨምርባችኋል፣ ገጹ ይከብዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በወር ደምር ሲባል የሚደምረው በፈረንጅ ወር ነው። በነጻው እትም ላይ የራሱን ስም ገጹ ግርጌ ይለጥፋል፤ ይህ እንኳ ብዙ አያሳስብም።

ሁለተኛው መንገድ በላይብረሪ ራስን መሳል ነው። ሦስት አራት ቋሚ ቻርት ላለው ዩኒየን እኔ ያለ ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። ከላይብረሪዎቹ ቻርት ጄኤስ ቀላል ነው፣ ነጻ ነው፣ በካንቫስ፣ ገጹ ላይ ባለ የስዕል ሰሌዳ፣ ላይ ይስላል። ኢቻርትስ ከባድ ዳታና ካርታ ላለው ሥራ ይሻላል። ዲ3 ሁሉን ያደርጋል፤ ግን ሁሉንም ራሳችሁ ታደርጋላችሁ። ለዚህ ሥራ ቻርት ጄኤስ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ዳታው ሰርቨር ላይ ተደምሮ ይምጣ

ዳታቤዙ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ግዢ ነው። አንድ ገበሬ ሦስት ኩንታል በቆሎ አመጣ፤ አንድ መስመር። ጎረቤቱ አምስት አመጣ፤ ሌላ መስመር። ይህን ሁሉ ወደ ስልክ ልኮ ስልኩ ላይ መደመር የዳታ ካርድ መጨረስ ነው። ሰርቨሩ ላይ ደምሩ። ከኤፒአዩ (አፑ ሰርቨሩን ዳታ ከሚጠይቅበት አድራሻ) የሚመጣው እያንዳንዱ መስመር ስድስት ነገር ይበቃዋል፦ ዓመት፣ ወር፣ ማህበር፣ የእህል ዓይነት፣ ጠቅላላ ኩንታል፣ ጠቅላላ ብር። አራት ማህበር፣ ሦስት እህል፣ ከነጳጉሜን አሥራ ሦስት ወር ቢሆን ቢበዛ 156 መስመር ነው። ይህ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል።

አማካይ ዋጋን ሰርቨሩ አስልቶ አይላክ። ኩንታሉና ብሩ ለየብቻ ይምጡ፤ ማካፈሉ መጨረሻ ላይ ይሁን። ለምን እንደሆነ በክብ ቁጥር እንየው። ቡሬ ላይ 10 ኩንታል፣ ኩንታሉ በ4,000 ብር ተገዛ፤ ፍኖተ ሰላም ላይ 90 ኩንታል፣ ኩንታሉ በ5,000 ብር። ሁለቱን አማካይ ዋጋ ደምራችሁ ለሁለት ብትከፍሉ 4,500 ይመጣል። ዩኒየኑ ግን የከፈለው 490,000 ብር ለ100 ኩንታል ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው አማካይ 4,900 ብር ነው። በኩንታል የ400 ብር ልዩነት ስብሰባ ላይ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ጭቅጭቁ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ቻርቱን በሠራው ሰው ላይ ነው።

ቀጥሎ ቀኑ። ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ሠራተኛው በደረሰኝ ይመዘግብና ከቀናት በኋላ ወደ አፑ ያስገባል። ዳታቤዙ ላይ ሁለት ቀን ያስፈልጋል ማለት ነው፦ እህሉ የተገዛበትና መስመሩ የገባበት። ብዙ ፕሮግራመር ሁለተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ዳታቤዙ ራሱ ስለሚሞላለት። ከዚያ የታህሳስ ግዢ ጥር ላይ ተቆልሎ ይታያል። ሁልጊዜ በተገዛበት ቀን ደምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያልተገዛበት ወር ዋጋው ዜሮ አይደለም፤ ዋጋ የለውም። በኩንታሉ ቻርት ላይ ዜሮ ትክክል ነው፤ ምንም አልገዛንም። በዋጋው ቻርት ላይ ግን ዜሮ ከላካችሁ መስመሩ ገደል ገብቶ ይወጣል። እዚያ ባዶ ዋጋ ላኩ፤ ጃቫስክሪፕት ነል የሚለውን። ቻርት ጄኤስ ነል ሲያይ መስመሩን ይቆርጠዋል። ስፓን ጋፕስ የሚለውን ምርጫ ካበራችሁ ክፍተቱን ያገናኘዋል። እኔ ተቆርጦ ቢታይ እመርጣለሁ፤ ያልገዛንበትን ዋጋ የምናውቅ አንምሰል።

ደረጃ 3፦ ወሩ የማን ወር ነው?

ዳታቤዙ ቀን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ነው። ቻርት ጄኤስም የጊዜ መለኪያውን ብትጠቀሙ ወር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የዩኒየኑ ሰዎች ግን ህዳርና ታህሳስ ነው የሚሉት። «ዲሴምበር» ብላችሁ ብታሳዩ ከፊሉ ህዳር ከፊሉ ታህሳስ ይሆንና ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ከመዝገቡ ጋር ያልገጠመ ቻርት ደግሞ ማንም አያምነውም። ስለዚህ የጊዜ መለኪያውን ተዉት። ወሩን እኛ ቆጥረን እንደ ተራ መለያ ጽሑፍ እንስጠው።

መቀየሪያውን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል የሚባል ክፍል አለ፤ ዴት ታይም ፎርማት የሚለው የእኛን አቆጣጠር ያውቃል። የቀን መቁጠሪያውን ኢትዮፒክ በሉት፣ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ አዲስ አበባ በሉት፣ ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር እንዲሰጣችሁ ንገሩት። ከዚያ ፎርማት ቱ ፓርትስ በሚለው ተግባር ክፍል በክፍል አውጡ። ኢትዮ ኤኤ የሚል ሌላ መቁጠሪያም አለ፤ እሱ በዓመተ ዓለም ነው። ዓመቱ 7517 ብሎ ከመጣ ተሳስታችሁ እሱን መርጣችኋል።

የሰዓት ክልሉን አትዝለሉት። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። መስከረም 1 እኩለ ሌሊት ላይ የሚጀምር ቀን በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና የትናንቱ ማምሻ ነው። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሄድ ከሆነና ክልሉ ካልተነገረው የመስከረም 1 ግዢ ጳጉሜን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዓመቱም ይሳሳታል።

የጻፋችሁትን በእነዚህ ሦስት ቀናት ፈትኑት። ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ጳጉሜን 6፣ 2015 መሆን አለበት። ሴፕቴምበር 12፣ 2023 መስከረም 1፣ 2016። ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ደግሞ መስከረም 1፣ 2017። ጳጉሜን ስድስት የሆነበትን ዓመት ካለፈ ሌላው ቀላል ነው።

ይህን ሥራ ሰርቨሩ ላይ፣ ግዢው ሲመዘገብ አንዴ ሥሩት። ኢትዮጵያዊ ዓመትና ወር የሚሉ ሁለት ዓምዶች ወደ ሠንጠረዡ ጨምሩና ቁጥሩ እዚያ ይቀመጥ። የኤስኪውኤሉ ድምር በእነዚህ ዓምዶች ብቻ ይሆናል። ሰርቨሩ ኖድ ከሆነ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ሙሉ የቋንቋ ዳታው አብሮ ስለሚመጣ ምንም መጫን የለባችሁም። የወሮቹን ስም ግን ከኢንትል አትውሰዱ። በራሳችሁ ዝርዝር ጻፉት። ቢሮው «ህዳር» እያለ ቻርቱ «ኅዳር» ቢል ስህተት አይደለም፤ ግን አንድ ወጥ ቢሆን ያምራል።

አሁን ጳጉሜን። አሥራ ሦስቱን ወር እኩል በባር ቻርት ብትስሉ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጳጉሜን ላይ ምን ነካን?» የሚለውን ነው። ምንም አልነካቸውም፤ ወሩ አምስት ወይም ስድስት ቀን ነው። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምሮ መለያውን «ነሐሴና ጳጉሜን» ማለት ነው። ሌላው ሁሉንም ወር በቀኑ ቁጥር አካፍሎ የቀን አማካይ ማሳየት ነው። የግዢ ሪፖርት ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሰዎቹ ጠቅላላ ኩንታል ነው የሚፈልጉት። የማህበራትን ፍጥነት ለማነጻጸር ከሆነ ሁለተኛው።

ሌላም ጉዳይ አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሪፖርቱ በበጀት ዓመት ከሆነ የቻርቱ ግራ ጫፍ ሐምሌ ይሁን፣ ቀኙ ሰኔ። የበጀት ዓመት ቁጥሩንም ልብ በሉ፦ የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ 2016 ነው። ስለዚህ ወሩ 11፣ 12 ወይም 13 ከሆነ ዓመቱ ላይ አንድ ይደመራል። የእህል ወቅትን ማየት ለሚፈልግ ግን ከመስከረም የሚጀምረው ይነበባል፤ ህዳርና ታህሳስ ላይ አዝመራው ይገባል፣ ግዢው ይቆለላል። ገጹ ላይ «የበጀት ዓመት» እና «ከመስከረም» የሚል መምረጫ አስቀምጡ። ዳታው አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የሚለወጠው።

ደረጃ 4፦ ላይብረሪውን መጫን

በኤንፒኤም ቻርት ጄኤስን ጫኑ። ቪው ቻርት ጄኤስ የሚባል መጠቅለያም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ያለ እሱ እንሠራለን። መጠቅለያው ሲበላሽ ከሥሩ ያለውን የማያውቅ ሰው ይቸገራል።

ከሦስተኛው እትም ወዲህ ቻርት ጄኤስ የምትጠቀሙትን ክፍል ብቻ እንድታስመዘግቡ ይጠይቃል። ለመስመር ቻርት ላይን ኮንትሮለር፣ ላይን ኤለመንትና ፖይንት ኤለመንት። ለባር ባር ኮንትሮለርና ባር ኤለመንት። ለሁለቱም ካተጎሪ ስኬል፣ ሊኒየር ስኬል፣ ቱልቲፕና ሌጀንድ (ሲነኩት ብቅ የሚለው መግለጫና የቀለሞቹ መፍቻ)። ኮንትሮለር፣ ኤለመንት ወይም ስኬል ከረሳችሁ ኮንሶሉ «ያልተመዘገበ» የሚል ቀይ ስህተት ያወጣል። ኦቶ የሚለው መግቢያ ሁሉንም አንድ ላይ ያስመዘግባል፤ ለሙከራ ይመቻል፣ ግን ገጹን ያከብዳል።

ደረጃ 5፦ ኮምፖነንቱ

አንድ ኮምፖነንት ሥሩ፤ ስሙ ለምሳሌ የግዢ ቻርት። ከውጭ የሚቀበለው ሁለት ነገር ነው፦ የወር ስሞችና ቁጥሮች። ውስጡ አንድ ዲቭ፣ በዲቩ ውስጥ አንድ ካንቫስ። ዲቩ ፖዚሽኑ ሪላቲቭ ይሁንና ቁመት ስጡት፤ 320 ፒክስል ለስልክ ይበቃል። ከዚያ ሜንቴን አስፔክት ሬሾ የሚለውን ምርጫ አጥፉት። ቁመቱን ለካንቫሱ ከሰጣችሁ አይሰማም፤ ቻርት ጄኤስ ልኩን የሚወስደው ከወላጁ ነው።

ቻርቱ የሚፈጠረው ኦን ማውንትድ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ካንቫሱ ገጹ ላይ የለም። ኦን ቢፎር አንማውንት ውስጥ ደግሞ ዲስትሮይ በሉት። ይህን ከረሳችሁ አሮጌው ቻርት ገጹ ከተቀየረም በኋላ ከነማዳመጫዎቹ ሚሞሪ ውስጥ ይቀራል። በዚያው ካንቫስ ላይ ሌላ ልሳል ካላችሁ ደግሞ ካንቫሱ ተይዟል የሚል ስህተት ትቀበላላችሁ።

ብዙ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ቪው 3 ሬፍ ውስጥ የገባን ነገር በሙሉ በፕሮክሲ ይሸፍናል፤ ለውጡን ለመከታተል። የቻርቱን ኦብጀክት በሬፍ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ቪው ሆዱን ሁሉ እየከፈተ ይሸፍነዋል። ቻርቱ መጀመሪያ ይሳላል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ አፕዴት ስትሉት ግን ጥሪው ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ይገባና ኮንሶሉ በስህተት ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኦብጀክቱን በተራ ተለዋዋጭ ያዙት፤ ወይም ሻሎው ሬፍ ተጠቀሙ። የምትሰጡትንም ዳታ ቅጂ አድርጋችሁ ስጡ። ቻርት ጄኤስ የሰጣችሁትን ዝርዝር ራሱ ይነካካል፤ ሁለቱ አንድ ዝርዝር ላይ ሲገናኙ ጠብ ነው።

ተጠቃሚው ከበቆሎ ወደ ጤፍ ሲቀይር ቻርቱን አፍርሳችሁ አትሥሩ። በዎች ዳታውን ጠብቁ፤ ሲለወጥ የወር ስሞቹንና ቁጥሮቹን ተኩና አፕዴት በሉ። ባሮቹ ከነበሩበት ወደ አዲሱ ቁመት ይንቀሳቀሳሉ፤ ዓይን ልዩነቱን ይከተላል።

የቱን በምን እንሳል? ኩንታል በባር፣ ዋጋ በመስመር። ሁለቱን አንድ ቻርት ላይ በግራና በቀኝ መለኪያ መደራረብ ይወደዳል፤ እኔ አልወደውም። መለኪያዎቹን ባሳደጋችሁና ባሳነሳችሁ ቁጥር መስመሮቹ የፈለጋችሁበት ቦታ ይገናኛሉ፤ ሰውም መገናኘቱ ትርጉም ያለው ይመስለዋል። አንዱን ከአንዱ ሥር አድርጓቸው፤ በሰፊ ስክሪን ላይ ወሮቹ ከላይ ወደታች ይገጥማሉ። ቀለምም አትቀያይሩ። በቆሎ ቢጫ ከሆነ በሁሉም ገጽ ቢጫ ይሁን።

ቱልቲፑ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመስል፦ «ታህሳስ 2017፣ ቡሬ፣ በቆሎ፣ 4,900 ብር በኩንታል»። ሺውን በነጠላ ሰረዝ ለመክፈል ኢንትል ነምበር ፎርማት አለ።

ደረጃ 6፦ ፊደሉና ስልኩ

ካንቫስ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ስዕል ነው። ፎንቱ ዘግይቶ ቢደርስ ድረ ገጹ ራሱን ያስተካክላል፤ ካንቫሱ ግን በነበረው ፎንት እንደተሳለ ይቀራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከራሳችሁ ሰርቨር ስጡ፣ በቻርት ጄኤስ ዲፎልት ላይ ስሙን ጻፉ፤ ከዚያ ቻርቱን ከመፍጠራችሁ በፊት የብራውዘሩን የፎንት መጫኛ፣ ዶክዩመንት ፎንትስ ሎድ የሚለውን ጠብቁ። ለመጫኛው የፎንቱን ልክና ስም ብቻ ሰጥታችሁ አትተዉት፤ ሁለተኛ ግብዓት አድርጋችሁ «መስከረም» የሚል ቃል ስጡት። ፎንቱ በፊደል ዓይነት ተከፋፍሎ የሚመጣ ከሆነ ብራውዘሩ የትኛውን ክፍል እንደምትፈልጉ የሚያውቀው ከዚያ ቃል ነው።

የወር ስሞቻችን ረጃጅም ናቸው። አሥራ ሁለቱ ስልክ ላይ አግድም አይበቁም፤ ቻርት ጄኤስ ያጋድማቸዋል፣ ሰው አንገቱን ያጋድላል። ስልክ ላይ ለባሩ ኢንዴክስ አክሲስ የሚለውን ወደ ዋይ ቀይሩት። ወሮቹ ከላይ ወደታች ይደረደራሉ፣ ባሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ስሙ ሙሉ ይነበባል። ለመስመር ቻርት ስሙን አሳጥሩ፦ መስ፣ ጥቅ፣ ህዳ፣ ታህ። ሙሉው ቱልቲፑ ላይ ይውጣ።

ደረጃ 7፦ ቀጭን ኔትወርክ

ቻርት ጄኤስ ሙሉው ሳይጨመቅ ወደ 200 ኪሎባይት ነው። ግዢ መመዝገብ ብቻ የሚፈልግ የመጋዘን ሠራተኛ ይህን ማውረድ የለበትም። ኮምፖነንቱን በዲፋይን ኤሲንክ ኮምፖነንት ጠቅልሉት፤ የሪፖርት ገጹ ሲከፈት ብቻ ይወርዳል። ሰርቨሩ ላይ ጂዚፕ፣ ማለትም ፋይል መጭመቂያው፣ መብራቱን አረጋግጡ።

የመጨረሻውን የተሳካ መልስ በሎካል ስቶሬጅ አስቀምጡ። ኔትወርኩ ሲጠፋ እሱን ሳሉና ከላዩ «እስከ ጥር 12 ቀን ያለ» ዓይነት ጽሑፍ አድርጉ። ቀኑ ካልተጻፈ የቆየ ቻርት እንደ ዛሬ ይነበባል።

ደረጃ 8፦ ማን ምን ያያል?

የቡሬ ማህበር ሠራተኛ የሞጣን ዋጋ ማየት ከሌለበት ማጣሪያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ማህበሩን ከገባው ሰው ሴሽን ውሰዱ፤ ከአድራሻው ላይ ከሚመጣ ቁጥር አትውሰዱ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ በቡሬ ሠራተኛ ስም ግቡና የኤፒአዩን አድራሻ ላይ የማህበሩን ቁጥር በእጅ ቀይሩ። የሞጣ ዳታ ከመጣ ሥራው አላለቀም። ገጹ ላይ መምረጫውን መደበቅ መከልከል አይደለም።

ደረጃ 9፦ ሠንጠረዡና ወረቀቱ

ካንቫስ ውስጥ ያለውን ስክሪን ሪደር (ለዓይነ ስውራን ገጽ የሚያነብ ፕሮግራም) አያነበውም። ለካንቫሱ አሪያ ሌብል፣ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበውን መግለጫ፣ ስጡት፣ ከቻርቱ ሥር ደግሞ «ቁጥሩን አሳይ» የሚል ቁልፍ አድርጉና ያው ዳታ በሠንጠረዥ ይውጣ። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ባይኖርም የሂሳብ ሹሟ ይህን ቁልፍ ከቻርቱ በላይ ትወደዋለች። ከመዝገቧ ጋር የምታመሳክረው በእሱ ነው።

ሪፖርቱ መታተሙም አይቀርም፤ ጉባኤ ላይ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብራውዘሩ ሲያትም ካንቫሱ ልኩን ከወረቀቱ ጋር አያስማማም፤ የቻርቱ ቀኝ ጫፍ ተቆርጦ ሰኔ ይጠፋል። ቢፎር ፕሪንት የሚለውን ክስተት አዳምጡና ቻርቱን ለወረቀቱ በሚሆን ልክ ሪሳይዝ በሉት፤ አፍተር ፕሪንት ላይ ያለ ልክ ድጋሚ ሪሳይዝ በሉት፣ ወደ ስክሪኑ ይመለሳል። ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ከሆነ የበቆሎው ቢጫ ይደበዝዛል፤ ለመስመሮቹ ቦርደር ዳሽ በሚለው ምርጫ የተለያየ ቁርጥራጭ ስጧቸው፣ ጤፉ ድፍን፣ በቆሎው ነጠብጣብ፣ ስንዴው ረጃጅም ሰረዝ።